የራሴን ግጥም የተረጐምሁበት ቀን

ያን ጊዜ ዕድሜዬ ከሃያ አምስት አይበልጥም ነበር። መቀሌ ከገባሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ ጣልያን ከተማውን ከያዘው ደግሞ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። የተወለድሁት ዋድላ ነው። አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ እኔ ግን ትምህርቱን ሳልጨርስ ጥዬ ዐሥመራ ወረድሁና ጨርቅ ከሚሸጥ አንድ ጣልያናዊ ዘንድ ሦስት ዓመት ሠራሁ። ቋንቋውን እዚያ ለመድሁት። ወደ አገሬ ስመለስ መቀሌ ላይ አንድ ነጋዴ ደብዳቤ የሚጽፍለት ሰው ሲፈልግ አገኘኝና ለጥቂት ወር ብዬ ቀረሁ። ጥቂቱ ወር ዓመት ሆነ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ሌላው ተተካ፤ በመጨረሻ ጦርነቱ መጣ።

ከተማው በተያዘ በሁለተኛው ወር ሁለት ወታደሮች ቤቴ ድረስ መጥተው ወሰዱኝ። ጣልያንኛም ዐማርኛም ይጽፋል ብሎ ስሜን የሰጣቸው ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። በማግስቱ የአስተዳደሩ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሆኜ ዋልሁ። እምቢ ማለት አትችልም ነበር ወይ ብለው የሚጠይቁኝ ወጣቶች አሉ። እምቢ ያለ ሰው አይቻለሁ። እኔ ግን ፈራሁ። ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ጽሕፈት ቤቱ ከገበያው በላይ ያለ የድንጋይ ቤት ነው። በመስኮቱ የእንዳ ኢየሱስ ኮረብታና ጫፉ ላይ የተሰቀለው ባንዲራቸው ይታያል። ሥራዬ አቤቱታ መቀበል፣ የመንገድ ፈቃድ መጻፍና ማስታወቂያ ወደ ዐማርኛ መመለስ ነበር። ከእኔ በላይ አንድ ዋና አስተርጓሚ ነበሩ፤ ከመረብ ማዶ የመጡ፣ ሃምሳን ያለፉ፣ ቀጭን ሰው። አፋቸውን የፈቱት በትግርኛ ነው፤ ዐማርኛውን ግን እኛን እስኪያሳፍረን ድረስ ያውቁታል። ሐውንና ዐይኑን ብቻ ከጕሮሯቸው ያወጡታል። እርሳቸው በትግርኛ "ወደይ"፣ ልጄ፣ ይሉኛል፤ እኔም "አቦይ"፣ አባቴ፣ እላቸዋለሁ። የምጽፈውን ሁሉ አስቀድመው የሚያነቡት እርሳቸው ናቸው። ስሕተት ሲያገኙ ወረቀቱን በአንድ ጣታቸው ወደ እኔ ይገፉታል እንጂ አይናገሩም። ጣልያኖቹን ይውደዱ ይጥሉ ማወቅ ስለማይቻል ሁላችንም እንፈራቸው ነበር።

በዚያ ዓመት ከአዲስ አበባ የሚመጣው ወሬ ሁሉ የሞት ነበር። በእንደራሴያቸው ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ሰው በየቤቱና በየመንገዱ እንዳለቀ ሰማን። ቀጥሎ ደግሞ አዝማሪና ጠንቋይ እየታደነ ነው፣ እየዞረ የሚናገር ሁሉ እየተገደለ ነው የሚል መጣ። የሚያጋንን ይኖራል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አንድ ጧት ግን ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ማስታወቂያ አገኘሁ። ሕዝብን የሚያነሣሣ ዘፈን፣ ትንቢት ወይም ግጥም የተናገረ፣ የጻፈ፣ በእጁም የተገኘበት በብርቱ ይቀጣል ይላል። ወደ ዐማርኛ መለስሁት። "ግጥም" የሚለውን ቃል ስጽፍ ብዕሬ ወረቀቱ ላይ ቆሞ ቀለሙ ጠብ አለ። ግጥሜን ከጻፍሁ ሦስት ሳምንት ሆኖኝ ነበር።

የጻፍሁት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ወደ ኵሓ በሚወስደው መንገድ ብቻዬን ስሄድ ከአፋር በረሓ ጨው ጭነው የወጡ ግመሎችን ወታደሮች አቁመው ሲፈትሹ ደረስሁ። ግመለኞቹ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። አንዱ ወታደር ከጭነቱ ላይ አሞሌ አንሥቶ ላሰውና ወረወረው። ሌላ ምንም አልሆነም። እኔ ግን ወደ ደቡብ ስመለከት፣ ዋድላ ከእነዚያ ሰማያዊ ተራሮች ወዲያ ነው ብዬ ሳስብ፣ መንገዴን ትቼ ወደ ቤቴ ዞርሁ። ከቅኔ ቤት ከወጣሁ ጀምሮ አንድ ስንኝ አልጻፍሁም ነበር። ቤቴ ገብቼ በተበላሸ የመንገድ ፈቃድ ጀርባ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦

ተራራው ይናገር፣ እኔስ አፍ የለኝም፤
ወንዙ ይመስክር እንጂ እኔን አያምኑኝም።
እንግዳ መጣና ሳልጠራው ከደጄ፣
አልጋዬ ላይ ተኛ ሳይሆነኝ ወዳጄ።
ጨው ጭኖ ሲመጣ ግመሉ ከቆላ፣
እኔ ላቤን ቀመስሁ፣ ጨዉን ሌላ በላ።
ዋድላ ብወለድ፣ እንደርታ ብኖርም፣
አፈሩ አንድ ነውና ረግጬው አላፍርም።

አልጋ ያልሁት መኝታውን ብቻ ሳይሆን ዙፋኑንም እንደ ሆነ ዐማርኛ የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል። ጽፌ ስጨርስ ደስ አለኝ። ደስታው ነው ጕድ ያፈላብኝ፤ ለሰው ካላነበብሁት አላስችል አለኝ።

በከተማው አንድ ልባዊ ወዳጅ ነበረኝ፤ ከየጁ የመጣ እስላም የጨው ነጋዴ። በእኔ ዕድሜ የሚገኝ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሲናገር የሚጮኽ ሰው ነው። ጨው ከመቀሌ በበቅሎ ጭኖ ወሎ ይወርዳል፣ ከዚያ በርበሬ ጭኖ ይመለሳል። የእኔንና የእርሱን ሥጋ ሃይማኖት ስለሚለየው ስንገናኝ ቆሎ ነው የምንበላው። በማግስቱ ካረፈበት ቤት ሄጄ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነበብሁለት። ስጨርስ የያዘውን ቆሎ አስቀመጠ።

"ድገመው" አለኝ።

ደገምሁት።

"ጨዉ ላይ ያልኸው እኔን ነው" አለና ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። "ጻፍልኝ።"

"አታነብበው! ምን ያደርግልሃል?"

"ዐረብኛውን ነው እንጂ የአንተን ፊደል አላውቅም፣ ልክ ነህ። ግን እኔ ዘንድ ይኑር። መንገድ ላይ ስሆን ደረቴን ዳሰስ አደርግና አገሬ እዚህ አለ እላለሁ። ወላሂ፣ ለሰው አላሳየውም።"

መከልከል ነበረብኝ። ነገር ግን ከዚያ ቀን በፊት የጻፍሁትን ስጠኝ ያለኝ ሰው አልነበረም። ቍጭ ብዬ፣ አሳምሬ፣ በጥሩ እጄ ጻፍሁለት። እርሱም አጣጥፎ በቆዳ አሰፋና እንደ ክታብ አንገቱ ላይ አንጠለጠለው።

ማስታወቂያውን በተረጐምሁ ቀን ቤቴ ሮጬ ሄጄ የራሴን ቅጂ ምድጃ ውስጥ ጨመርሁት። ከዚያ የእርሱን ልቀበለው ካረፈበት ቤት ደረስሁ። የቤቱ ባለቤት፣ ወሎዬዋ ሴትዮ፣ "ትናንት በጧት ጭኖ ወጣ፤ ከወር በፊትማ አይመለስም" አሉኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያለውን ጊዜ እንዴት እንደ ኖርሁት ልናገር አልችልም። በመንገድ ስሄድ ከኋላዬ የጫማ ድምፅ ከሰማሁ ዕቃ የምጠይቅ መስዬ ሱቅ እገባለሁ። የጽሕፈት ቤቱ በር በተከፈተ ቍጥር አንገቴን ሳላነሣ እጠብቃለሁ፤ የሚገባው ሰው ባለጉዳይ መሆኑን በእግሩ ኮቴ ካወቅሁ በኋላ ነው የምተነፍሰው።

በአርባኛው ቀን ገደማ፣ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ፣ የጽሕፈት ቤቱ አለቃ ካፒቴኑ አስጠራኝ። ስገባ ወዳጄ በሁለት የካራቢኜሪ ፖሊሶች መካከል ቆሟል። የታች ከንፈሩ ተሰንጥቋል፤ የሸሚዙ ደረት ተቀድዷል። አየኝና እንደማያውቀኝ ዓይኑን ወደ ግድግዳው መለሰ። ጠረጴዛው ላይ የተተረተረው ቆዳና ወረቀቱ ተዘርግተዋል። ከበሩ ሆኜ የገዛ እጄን ጽሕፈት ዐወቅሁት። የመስኮቱ ብርሃን ድንገት የበዛ መሰለኝ፤ ጆሮዬ ውስጥ ውሃ የገባ ያህል ድምፅ ሁሉ ራቀኝ።

ካፒቴኑ በጣልያንኛ፣ "ይህ ሰው ኬላ ላይ ቆዳውን አላስነካም ብሎ ከወታደሮቼ ጋር ታገለ" አለኝ። "ክታብ ነው ይላል፤ ማንበብም አልችልም ይላል። እኔ ደግሞ መስመሮቹን ሳያቸው ግጥም ይመስሉኛል። መጀመሪያ በቋንቋችሁ አንብብ። ከዚያ ንገረኝ።"

ዋናው አስተርጓሚ በመስኮቱ በኩል ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። በየቀኑ ጽሕፈቴን የሚያነቡ ሰው ናቸው። ወረቀቱን አይተውት ይሁን ገና ሳያዩት ይሁን ከፊታቸው ምንም አይነበብም።

አነበብሁ። ለአንድ ሰው በሹክሹክታ ያነበብሁትን ግጥም ለጠላት መኰንን ከፍ አድርጌ አነበብሁት። ስጨርስ ካፒቴኑ እርሳሱን አንሥቶ ጠበቀኝ።

እግዚአብሔር ይሁን ፍርሃቱ ራሱ አላውቅም፣ አንድ ነገር አፌ ላይ አመጣልኝ።

"ጌታዬ፣ ይህ የተቸገረ ባል እሮሮ ነው" አልሁት። "የሚስቱ ወንድም ሳይጠራ መጥቶ አልጋውን ይዞበታል። ቢናገር የሚያምነው የለም። ጨውም ከገበያ በመጣ ጊዜ ለወንድሟ ወጥ ትጨምረዋለች፤ የባልዬው ወጥ ጨው የለውም። ላቤን ነው የምቀምሰው ይላል።"

ካፒቴኑ ትንሽ ቆየና ሣቀ። "የሚስት ወንድም!" አለ። "እኔም ቤት አንድ ተቀምጧል!" ከት ብሎ ሣቀ። እኔም ሣቅሁ። ውሸቱ እውነት እንዲመስል ከእርሱ አስበልጬ ሣቅሁ። ወዳጄ ዓይኑን ከግድግዳው አንሥቶ አየኝ። ጣልያንኛ አይሰማም።

ሣቁ ሲያበቃ ካፒቴኑ በእርሳሱ ጫፍ መስመሮቹን አንድ በአንድ ነካ ነካ አደረገ። "ስምንት ናቸው። ስድስቱን ነው የነገርኸኝ። የመጨረሻዎቹስ?"

የመጨረሻዎቹ ዋድላ ተወልጄ እንደርታ እኖራለሁ ይላሉ። የእኔ መዝገብ ከበስተኋላው ሣጥን ውስጥ አለ፤ የትውልድ አገር፣ ዋድላ ይላል። ወረቀቱን ደግሜ እንደማነብ ጎንበስ አልሁ። ወንበር ሲገፋ ሰማሁ፤ ዋናው አስተርጓሚ ተነሥተው መጡና ወረቀቱን ከጠረጴዛው አነሡት። ወደ ብርሃኑ አዙረው ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀስ እያሉ አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉና ደግመው አነበቡት። ሽንቴ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፣ ግን እውነት ነው።

"ልክ ነዎት፣ ሁለት መስመር ዘሏል" አሉ።

አለቀልኝ አልሁ።

"አፍሮ ነው፣ ጌታዬ" ሲሉ ቀጠሉ። "ይህ ጸሐፊያችን የቤተ ክህነት ልጅ ነው። ባልዬው እዚህ ላይ አላፍርም ብሎ የሚስቱን ገላ ያነሣል። ልጁ በአፉ ሊለው አልቻለም።" ከዚያ ወደ ካፒቴኑ ጆሮ ጎንበስ ብለው የሆነ ነገር አንሾካሾኩ። ካፒቴኑ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ፤ ዓይኑ እስኪያለቅስ ሣቀ።

"ታዲያ ይህ ጅል ይህን ለምን በአንገቱ ያንጠለጥላል?"

"አያነብም እኮ። መድኀኒት ነው ብለው ሸጠውለት ይሆናል።"

እኔ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ካፒቴኑ ግን ሣቁን ሲጨርስ ፊቱ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ኬላ ላይ ወታደር ገፍቷልና ዐሥራ አምስት ጅራፍ ይገረፍ፣ የንግድ ፈቃዱም ይያዝ አለ። ወረቀቱን ራሱ አጥፎ የመዝገቡ ሣጥን ውስጥ ከተተው። ግርፋቱ በግቢው ሲፈጸም እኔ ከጎን ቆሜ እንድቈጥር ታዘዝሁ። በጣልያንኛ ቈጠርሁ። ሰባት ላይ ድምፄ ተቋርጦ የሚያስገርፈው ሻምበል ባሻ ቈጣ ብሎ አየኝና ቀጠልሁ። ወዳጄ እስከ መጨረሻው አልጮኸም። ያ ሲናገር የሚጮኽ ሰው።

ወደ ውስጥ ስመለስ አስተርጓሚው በኮሪደሩ ላይ ብቻቸውን አገኙኝ። ሳይቆሙ፣ በሹክሹክታም ሳይሆን፣ ስለ ሥራ የሚናገሩ በሚመስል ድምፅ፣ "ወደይ፣ የ'ለ' ቀኝ እግርህ ከግራው ይረዝማል" አሉኝ። "ከነገ ጀምሮ እኩል አድርገው።" አልፈው ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ወዳጄን ልጠይቅ ሄድሁ። ሦስት ቀን የቈየሁት ሰው ያየኛል ብዬ ስለ ፈራሁ ነው። በሆዱ ተኝቷል። ሴትዮዋ ጀርባውን ቅቤ ቀብተውታል። ስገባ ቀና አላለም።

"ማረኝ" አልሁት። "መጻፍ አልነበረብኝም፤ መስጠትም አልነበረብኝም።"

"እርሱን እኔ ነኝ የለመንሁህ።"

"የቈጠርሁትም ታዝዤ ነው።"

"ዐውቃለሁ።"

"እንግዲያው ለምን ፊትህን ትመልስብኛለህ?"

ፊቱን ከትራሱ ሳያነሣ፣ "ለምን ሣቅህ?" አለኝ። "ስትቈጥር አልከፋኝም። ከእርሱ ጋር ስትሥቅ ግን... አገሬን በደረቴ ይዤ ተሸክሜ፣ ለእርሱ ብዬ ከንፈሬ ተሰንጥቆ፣ አንተ የጻፍኸው ሰውዬ ትሥቅበታለህ?"

ሁሉንም ነገርሁት፤ ስለ ሚስት ወንድም፣ ስለ ጨው አልባው ወጥ፣ አስተርጓሚው ስላሉት ሁሉ። ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆመው ሲሰሙ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሣቁ። እርሱ አልሣቀም። "ገባኝ" አለ። "አንተ ባትሥቅ ኖሮ ሁለታችንም አንኖርም። ገባኝ። ግን ሣቅህ ጆሮዬ ላይ አለ፤ አላህ እስኪያወጣልኝ ታገሠኝ።" ታገሥሁት። ጀርባው እንደ ዳነ ግን በቅሎውን ይዞ ወደ የጁ ወረደና ዳግመኛ አላየሁትም። አንዱ መንገድ ላይ በንዳድ ሞተ ብሎኛል፤ ሌላው አግብቶ ወልዶ እርሻ ይዟል ብሎኛል። ሁለቱም በዓይኔ አየሁ ነው የሚሉት።

ከዚያ በኋላ የፈራሁት የወረቀቱን ሣጥን ነው። ከተቀመጥሁበት አምስት እርምጃ አይርቅም። ቍልፉ የካፒቴኑ ኪስ ውስጥ ነው። ፊደሌን እንዳለ ለወጥሁት፤ የ"ለ"ን እግር ብቻ ሳይሆን ሁሉንም፣ በእረፍት ጊዜዬ እንደ ቆሎ ተማሪ እየተለማመድሁ። እናቴ የላክሁላትን ደብዳቤ ያነበበላት ቄስ ይህ የልጅሽ እጅ አይደለም ብሎ ሞቷል መስሏት እንዳለቀሰች በኋላ ሰማሁ።

ግርፋቱ ከሆነ በሁለተኛው ዓመት አንድ ወጣት ጣልያናዊ መኰንን ተመደበልን። አገሩ ሳለ ዐማርኛ ከመጽሐፍ ተምሯል፤ መናገር አይችልም እንጂ ፊደል ይቈጥራል። ትሑት፣ ፊተ ብሩህ ሰው ነው፤ ከጣልያኖቹ ሁሉ እንደ እርሱ ያስፈራኝ የለም። ንባብ ልለማመድ ብሎ የመዝገቡን ሣጥን ከካፒቴኑ አስከፈተና ከአዲሱ ወረቀት ጀምሮ ወደ አሮጌው ማንበብ ያዘ። የማይገባው ቃል ሲያጋጥመው ወረቀቱን ይዞ እኔ ዘንድ ይመጣል። "ይህ ምን ማለት ነው?" ይለኛል በፈገግታ። ዛሬ የሐምሌን ጨረሰ፣ ዛሬ የግንቦትን ጀመረ እያልሁ ቀኑን እከተላለሁ። የአልጋ ሁለቱም ትርጕም ይዞት በሚዞረው መዝገበ ቃላት ውስጥ አለ፤ ገልጬ አይቻለሁ። የእኔው ወረቀት ካለበት ወር ሁለት ወር ሲቀረው በሌላ ጦር ግንባር ይፈለጋል ተብሎ ወደ ደቡብ ሄደ። ሲሰናበተኝ እጄን ጨብጦ ስላስተማርኸኝ አመሰግናለሁ አለኝ።

እንግሊዞች ሲቃረቡ ጣልያኖቹ ወደ አምባላጌ ከመሄዳቸው በፊት ወረቀቱን ሁሉ በግቢው አቃጠሉት። ወደ እሳቱ ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርሁ። ወረቀቴን እያገላበጥሁ ፈለግሁ፤ አላገኘሁትም። ከሌሎቹ ጋር ነድዶ ይሁን ካፒቴኑ ወስዶት ይሁን አላወቅሁም።

ነጻ ወጣን። እኔ ግን ፍርሃቱ ፊቱን አዞረ እንጂ አልለቀቀኝም። ለጣልያን የሠራ ሁሉ ባንዳ እየተባለ ይያዝ ጀመር። እኔ ታናሽ ጸሐፊ ስለ ሆንሁ ለጊዜው የነካኝ የለም፤ አስተርጓሚውን ግን ካረፉበት ቤት አውጥተው አሰሯቸው። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥላ ሥር ሽማግሌዎች ተቀምጠው ምስክር ይሰሙ ነበር። ሄጄ ልመስክር ስል ሚስቴ (በዚያ ዓመት ነው ያገባሁት) "አንተንስ የሚመሰክርልህ ማን ነው?" አለችኝ። ሁለት ጊዜ እስከ በሩ ደርሼ ተመለስሁ። በሦስተኛው ገባሁ።

እርሳቸው መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ መነጽራቸው የለም። አይቼባቸው የማላውቀውን ፊት አየሁ፤ እርሳቸውም ይፈራሉ። ተነሥቼ የሆነውን ሁሉ ተናገርሁ። ከሰዎቹ መካከል አንዱ፣ "ይህም እኮ እዚያው ሲጽፍ የነበረ ነው! አንዱ ባንዳ ለሌላው ነው የሚመሰክረው!" ብሎ ጮኸ። ጕምጕምታው ከፍ አለ። ሰብሳቢው ሽማግሌ እጃቸውን አነሡና፣ "ግጥሙ የአንተ ከሆነ በለው እንስማ" አሉኝ።

ልል አፌን ስከፍት ጠፋኝ። አራት ዓመት ሙሉ ከአእምሮዬ ላወጣው ስታገል የኖርሁትን ነገር አሁን ስፈልገው የለም። ሰው ሁሉ ያየኛል። "ጨው..." አልሁ። "ጨው ጭኖ ሲመጣ ግመሉ ከቆላ..." ከዚያ ተከታዩ መጣ። ሌላውም እየተንገዳገደ፣ ቅደም ተከተሉን ስቶ፣ መጣልኝ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ግመለኛ ትግርኛ ብቻ የሚያውቅ ስለ ነበር ጎረቤቱን ምን አለ ብሎ ጠየቀ። ሰውዬው ሲነግረው፣ "ሓቁ እዩ" አለ ጮክ ብሎ፤ እውነቱን ነው። ሽማግሌዎቹ ሲማከሩ ቈዩና አስተርጓሚው ይፈቱ፣ ከተማውን ግን ለቀው ወደ አገራቸው ይሂዱ አሉ። ለእኔ ምንም አላሉኝም። ሂድም ቅርም አላሉኝም፤ እኔም ቀስ ብዬ ወጣሁ።

በማግስቱ ወደ ዓዲግራት የምትሄደው ማኪና ስትጭን ልሸኛቸው ሄድሁ። ከጆንያዎቹ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ያመሰግኑኛል ብዬ አልጠበቅሁም፤ እኔም ለማመስገን ቃል እየፈለግሁ ቆምሁ።

"ወደይ" አሉኝ ሞተሩ ሲነሣ። "ያ ግጥምህ ጥሩ አልነበረም።"

"ምን አሉኝ፣ አቦይ?"

"የጨዉ ሁለት መስመር ደኅና ናት። እርሷን ሳነብ አገሩን አየሁት፤ ግመሉንም ሰውዬውንም። በቀረው ላይ ያየሁት አንተን ነው። ስለ ተራራው ብለሃል እንጂ ተራራውን አላሳየኸኝም።"

ልመልስላቸው ስል ማኪናዋ ተንቀሳቀሰች። ትንሽ ተከትዬ ሮጥሁ፤ ኋላ አፈርሁና ቆምሁ። ተናድጄ ወደ ቤቴ ተመለስሁ፤ በመንገድ ሙሉ ብቻዬን እያወራሁ ከእርሳቸው ጋር ስከራከር፣ የሚያልፈው ሰው እየዞረ ያየኝ ነበር።